እንዴት ይሠራል? «ሞካ» የሚባለው ስም

የፋሲካ ሰሞን ከአሜሪካ ለጥየቃ የመጣችው የአክስቴ ልጅ ከሻንጣዋ አንድ ፓኬት የተፈጨ ቡና አወጣች። «ሱቅ ውስጥ የሐረርን ስም ሳይ ትቼው መሄድ አልሆነልኝም» አለች። ፓኬቱ ላይ በትልልቅ ፊደል «ሞካ ሐረር» ተብሎ ተጽፏል። አክስቴ ልጇን አስነበበቻት፤ ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ «ሐረርን አወቅሁ፤ ይሄ ሞካ የሚሉት ደግሞ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ልጇ ቀደመች። «እማዬ፣ ሞካ ማለትማ ቸኮሌት የገባበት የወተት ቡና ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የምገዛው።» ወንድሜ ወደ ምድጃው ጠቆመ። «ኧረ ሞካስ ያ ነው» አለ፤ ከሮም የተላከለትን ባለ ስምንት ጎን የአሉሚኒየም ቡና ማፍያ ማለቱ ነው። ሰንዓ ብዙ ዓመት ሠርተው የተመለሱት ጎረቤታችን ግን ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ «የምን ቸኮሌት፣ የምን ማፍያ? ሙኻ እኮ ከተማ ናት ልጆቼ፤ የየመን የባሕር ዳር ከተማ» አሉ።

ሦስቱም ልክ ናቸው። የአንዲት ወደብ ስም መጀመሪያ ቡና ሆነ፤ ቡናው ጣዕም ሆነ፤ ጣዕሙ ቸኮሌት ያለበት መጠጥ ሆነ፤ ስሙ ደግሞ ለጣሊያን ማፍያ ተሰጠ። በመንገዱ ላይ ድንጋይም፣ ሸክላም፣ ሌላ ከተማም፣ የኮምፒውተር ቋንቋም ተጠርቶበታል። የአክስቴን ጥያቄ ያን ዕለት በሁለት ዐረፍተ ነገር ልመልስ ሞክሬ አልሞላልኝም። እዚህ ዘርግቼ ልጻፈው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ከገዛ ጓዳችን እንነሣ። ገበያ ወጥቶ «የሸኖ ቅቤ አለሽ?» ብሎ የማያውቅ አዲስ አበቤ ጥቂት ነው። ሸኖ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቅቤውን የሚንጡት እናቶች ግን በዙሪያዋ ባሉት የገጠር መንደሮች ነው የሚኖሩት። ከተማዋ ገበያው የሚቆምባት፣ ነጋዴው የሚሰበስብባት፣ መኪናው የሚጫንባት ናት። ስሙን የወሰደችውም እሷ ናት። «አምቦ» ደግሞ ከዚህም አልፏል። ምግብ ቤት ገብተን «አንድ አምቦ» ስንል ስለ ምዕራብ ሸዋዋ ከተማ አናስብም፤ ጋዝ ያለው ውሃ ማለታችን ነው። ሌላ ፋብሪካ የሞላው ጠርሙስ ቢመጣም ብዙዎቻችን ተቀብለን እንጠጣለን። አንድ የቦታ ስም የሚጓዘው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ «ከዚያ የመጣ» ማለት ይሆናል፤ ሲቆይ «የዚያ ዓይነት» ይሆናል፤ በመጨረሻ ቦታው ይረሳና ዕቃው ብቻ ይቀራል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ብርቱካን ነው። ቃሉ ከዓረብኛው «ቡርቱቃል» የመጣ ነው፤ ቡርቱቃል ደግሞ ራሷ ፖርቱጋል ናት። ቱርኮች «ፖርታካል»፣ ግሪኮች «ፖርቶካሊ» የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ፍሬው ግን የፖርቱጋል ተክል አይደለም፤ መነሻው ቻይናና አጎራባቾቿ ናቸው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣፋጩን ዓይነት በመርከብ አምጥተው በሜዲትራኒያን ገበያ ያስፋፉት ፖርቱጋሎች ስለነበሩ፣ ገዢው ፍሬውን ባመጣው ሰው አገር ጠራው። ደቾች ግን እስከ ዛሬ «የቻይና ፖም» ይሉታል። እኛ ጠዋት ጠዋት ጭማቂውን ስንጠጣ ሳናውቀው የሊዝበንን መርከበኞች እናነሣለን።

እንግዲህ ስም የሚጣበቀው ዕቃው በበቀለበት ሳይሆን፣ ወደ ገዢው በመጣበት በር ነው። የሞካን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር የሚያስረዳው ይህ አንድ ነገር ነው።

ሙኻ ከባብ ኤል መንደብ ወደ ሰሜን፣ በየመን የቀይ ባሕር ዳርቻ ላይ ትገኛለች። በእኛ በኩል ቆሞ ለሚያይ ከአሰብ ማዶ ማለት ነው። ምድሩ የሚፋጅ አሸዋማ ሜዳ ስለሆነ እዚያ ቡና አይበቅልም። ቡናው ይመጣ የነበረው ከየመን ደጋ፣ በድንጋይ እርከን ከተያዘው የተራራ ወገብ ነው። ገበሬው ከነገለባው በፀሐይ ያደርቀዋል፤ በግመልና በአህያ ተጭኖ በይት አል-ፈቂህ ወደሚባለው ገበያ ይወርዳል። ከካይሮ፣ ከኢስታንቡል፣ ከሕንድና ከአውሮፓ የመጣው ነጋዴ እዚያ ተከራክሮ ይገዛና ሙኻ ላይ መርከብ ይጭን ነበር። አምስተርዳም ወይም ለንደን ላይ ጆንያውን የሚያራግፈው ሠራተኛ የተራራውን ስም ከየት ያውቃል? የሚያውቀው መርከቡ የተነሣበትን ወደብ ነው። ጆንያው «ሞካ» ተባለ።

ወደቧ የዋዛ አልነበረችም። ኦቶማኖች በ1538 የየመንን ጠረፍ ያዙ፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የየመን ኢማሞች አስወጧቸው፤ የቡናው ገቢ የሚሄደውም ለወደቧ ጌታ ነበር። እንግሊዛዊው የመርከብ አዛዥ ሄንሪ ሚድልተን በ1610 ለንግድ መጥቶ ሙኻ ላይ ታስሯል። የኔዘርላንድስ ነጋዴ ፒተር ቫን ደን ብሩክ በ1616 እዚያ ደርሶ ቡናን አይቷል። እንግሊዞችም ደቾችም በኋላ የንግድ ቤት ከፈቱባት፤ ፈረንሳዮችም ተከተሉ። የከተማዋ ሰዎች ቡናን ያስተማሩን ይሏቸው የነበሩት ሼኽ ዓሊ ኢብን ዑመር አሽ-ሻዚሊ ናቸው። የሱፊ ሊቅ ናቸው፤ ሌሊቱን ለዚክር ነቅቶ ለማደር ቡና መጠጣት ከእርሳቸው መንገድ ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ ነጩ መስጊዳቸውም የከተማዋ መለያ ነው። አልጄሪያ ውስጥ ቡናን በእርሳቸው ስም የጠራ ሰው ነበር፤ የሰውም ስም እንደ ቦታ ስም ይጓዛል ማለት ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። አረቢካ የሚባለው ቡና በዱር በዋናነት የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ነው። ተክሉ ከዚህ ተሻገረ። የመኖች በእርከን አለሙት፣ ውሃ አጠጡት፣ ከሃይማኖታዊ ሥርዓት ጋር አዋሐዱት፣ ለዓለምም ሸጡት። የየመንን ገበሬ ድካም ማሳነስ ነውር ነው፤ ያለ እሱ ዓለም ቡናን በዚያን ጊዜ አያውቅም ነበር። ነገር ግን ስሙ ከወደቡ ወዲህ አልተሻገረም። ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1753 ለተክሉ ሳይንሳዊ ስም ሲሰጥ «ኮፊያ አራቢካ» አለው፤ የዓረብ ቡና ማለቱ ነው። ሊቁም እንደ ወደብ ሠራተኛው የሚያውቀው ጆንያው የመጣበትን በር ብቻ ነበር። ዛሬ ካፋ ደን ውስጥ ለብቻዋ የበቀለች የቡና ዛፍ በሳይንስ መጽሐፍ የዓረብ ናት። «ቡና» የሚለው የራሳችን ቃል በዓረብኛው «ቡን» ውስጥ ለፍሬው መጠሪያ ሆኖ እንደሚኖር ይነገራል፤ አውሮፓ የወሰደችው ግን ለመጠጡ የሚባለውን «ቀህዋ» ነው። «ኮፊ»ም «ካፌ»ም የተገኙት ከእሱ እንደሆነ ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ይስማማሉ።

ሐረር ወደዚህ ታሪክ የሚገባው በዚህ ነው። የሐረር ቡና እንደ የመኑ ከነገለባው በፀሐይ የሚደርቅ ነው፤ ጣዕሙም ይቀራረባል፤ የወይን ጠጅ የሚመስል፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል። በግመል ወደ ዘይላና ወደ በርበራ ይወርድ ነበር፤ ከዚያ ባሕሩን ተሻግሮ ከየመን ቡና ጋር በአንድ ገበያ ይቆማል። ገዢው ሁለቱንም በለመደው ስም «ሞካ» አላቸው። ከጂቡቲ የተነሣው ባቡር በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ ቡናው በራሱ መንገድ መውጣት ከጀመረ በኋላም ስሙ አልለቀቀም። ፈረንሳይ ውስጥ «ሞካ ሐረር» ብቻ ሳይሆን «ሞካ ሲዳሞ» የሚል ፓኬት አለ። ሲዳማ ከሙኻ ወደብ ጋር ምን አገናኘው? ምንም። እዚህ ላይ «ሞካ» ማለት «ጥሩ የምሥራቅ ቡና» ከማለት አይዘልም። የአክስቴ ፓኬት ላይ ያለው ሞካ ይኸኛው ነው።

ስሙ ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ ተሰደደ። ደቾች በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቡናን ጃቫ ደሴት ላይ ተከሉ፤ ሁለቱ ቡናዎች ተቀላቅለው ሲሸጡ «ሞካ ጃቫ» ተባሉ፤ በዓለም ላይ የታወቀ የመጀመሪያው የቡና ድብልቅ ይኸው ነው ይባላል። ፈረንሳዮች በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከየመን ችግኝ አውጥተው ዛሬ ሬዩኒየን በምትባለው በቡርቦን ደሴት ተከሉ፤ ከእሷ አጠገብ ያለችው ሞሪሸስም ደረሳት። ዛሬ ሞሪሸስ ውስጥ ሞካ የሚባል ከተማና አውራጃ አለ፤ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በዚሁ አውራጃ ነው። ከተማ ቡናን ሰየመ፣ ቡናው ደግሞ ሌላ ከተማ ሰየመ። ብራዚል ውስጥ «ሞካ» ሲባል ሌላ ነገር ነው፦ የቡና ቅርፊት ውስጥ እንደ ወትሮው ሁለት ፍሬ ሳይሆን አንድ ክብ ፍሬ ብቻ ሲገኝ እሱን ለይተው እንዲያ ይሉታል። ሃዋይ ላይ ደግሞ ፍሬዋ በጣም ትንሽ የሆነች የቡና ዝርያ በዚሁ ስም ትጠራለች።

ወደ ወንድሜ ማፍያ እንምጣ፤ ብዙ ሰው ቤት አለና ደግሞም አሠራሩ ደስ ይላል። ማፍያዋን ፒዬሞንቴ በሚባለው የሰሜን ጣሊያን ክፍል የነበረው አልፎንሶ ቢያሌቲ በ1933 ለገበያ አወጣት፤ ስሟን «ሞካ ኤክስፕሬስ» አላት። ሞካ ያን ጊዜ የምርጥ ቡና ሌላ ስም ነበረና ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ልጁ ሬናቶ በማስታወቂያ የጣሊያን ቤት ሁሉ ዕቃ አደረጋት። ሬናቶ በ2016 ሲሞት ዐመዱ የተቀመጠው በትልቅ ሞካ ማፍያ ውስጥ ነው።

ዕቃዋ ሦስት ክፍል አላት። ታች ውሃ ይገባል፤ መሐል ላይ ረዥም ቱቦ ያለው የቡና መያዣ ይቀመጣል፤ ላይኛው ቡናው የሚጠራቀምበት ነው። እሳት ላይ ስትጣድ ታች ከውሃው በላይ የታፈነው አየርና እንፋሎት እየሞቀ ይሰፋል፤ መውጫ ስለሌለው ውሃውን ቁልቁል ይጫነዋል፤ ውሃው የሚያገኘው መንገድ ቱቦው ብቻ ነውና በቱቦው ሽቅብ ወጥቶ በተፈጨው ቡና ውስጥ ያልፋል። ጀበና ላይ ውሃና ቡና አብረው ይፈላሉ፣ አተላው ሲረጋ ይቀዳል። እዚህ ግን ቡናው ቦታውን ሳይለቅ ውሃው በውስጡ ያልፋል። መጨረሻ ላይ የሚሰማው ጉርጉርታ ውሃው ከቱቦው ጫፍ በታች ወርዶ እንፋሎት ብቻ መውጣቱን ይነግራል፤ ያኔ ማውረድ ነው፤ ካለበለዚያ ቡናው ይመራል። ግፊቱ ከ1 እስከ 2 ባር ገደማ ነው፤ የካፌው ማሽን 9 አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ከሞካ የሚወጣው እውነተኛ ኤስፕሬሶ አይደለም፣ ጠንካራ የቤት ቡና ነው እንጂ። ሁለት ነገር አደራ፦ ውሃውን በጎን ካለችው የእንፋሎት መተንፈሻ በላይ አትሙሉ፤ ቡናውን በማንኪያ አትጠቅጥቁት። መተንፈሻዋ ከተደፈነች ዕቃው ሊፈነዳ ይችላል። በላይኛውና በታችኛው ክፍል መሐል ያለው ጎሚኒ ከደረቀ ደግሞ እንፋሎቱ በጎን ያመልጥና ቡናው አይወጣም፤ መቀየር ነው።

የልጅቷ ሞካስ? የየመንና የሐረር ቡና በውስጡ ቸኮሌት የሚያስታውስ ጣዕም አለው ይባል ነበር፤ ቸኮሌት ግን አልነበረበትም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ የአሜሪካ የምግብ አሠራር መጻሕፍት «የሞካ ኬክ» ሲሉ ቡና የገባበት ኬክ ማለታቸው ነበር። ቀስ በቀስ ቸኮሌቱ ወደ ድብልቁ ገባ፤ ሲቆይ ቃሉን ወሰደ። ዛሬ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ካፌ ገብታችሁ ሞካ ብትሉ ኤስፕሬሶ፣ ወተትና ቸኮሌት ይመጣላችኋል። ያለ ቸኮሌት የሚታወቀው ቡና ስም ቸኮሌት ያለበትን ብቻ መጥራት ጀመረ። ቃሎች እንዲህ ይዞራሉ፤ ልጅቷን ተሳሳትሽ የሚላት ሰው የለም።

ከቡና ውጭ ያሉትን ቶሎ ልለፋቸው። በውስጡ የዛፍ ቅርንጫፍ የሚመስል ጥቁር ንድፍ ያለበት የጌጥ ድንጋይ አለ፤ ነጋዴዎች ከወደቧ ጋር አያይዘው «የሞካ ድንጋይ» አሉት። ንድፉ እውነተኛ ዛፍ ሳይሆን ድንጋዩ ውስጥ የሰረገ የብረትና የማንጋኒዝ ማዕድን ነው። ያን ንድፍ አይተው የእንግሊዝ ሸክላ ሠሪዎች ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እርጥብ ሸክላ ላይ ትንባሆ የተነከረበት ቀለም ጠብ እያደረጉ እንደ ዛፍ እንዲፈስ አደረጉት፤ ሸክላው «የሞካ ሸክላ» ተባለ። ቡናም ወደብም የሌለበት ሞካ ማለት ነው። ከዓረቢያና ከአፍሪካ ቀንድ በግና ፍየል የሚሠራ ለስላሳ የጓንት ቆዳም ስሙን ይዟል። ቡናማው ቀለም ሞካ ነው፤ ፓንቶን የተባለው የቀለም ድርጅት ለ2025 የመረጠው ቀለም «ሞካ ሙስ» ይባላል። የኮምፒውተሩ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ዛሬ በአብዛኞቹ የኢንተርኔት ገጾች ውስጥ ያለውን ጃቫስክሪፕት ብሬንዳን አይክ በ1995 ለኔትስኬፕ ሲሠራው የመጀመሪያ ስሙ ሞካ ነበር። በኋላ ስሙ ተቀይሮ ጃቫ ገባበት። ሞካና ጃቫ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ሌላ ድብልቅ ውስጥ ተገናኙ።

ስም አንድ ስለሆነ ግን ዘር አንድ ነው ማለት አይደለም። ቺሊ አጠገብ ሞቻ የምትባል ደሴት አለች፤ በላቲን ፊደል ከወደቧ ጋር አንድ ዓይነት ትጻፋለች። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያች ደሴት አካባቢ መርከብ የሚያውክ ነጭ ዓሣ ነባሪ «ሞቻ ዲክ» ይባል ነበር፤ ኸርማን መልቪል በ1851 ላሳተመው «ሞቢ ዲክ» መነሻ ከሆኑት አንዱ እሱ ነው። ከቡና ጋር ዝምድና የለውም።

ይበልጥ የሚቀርበን ደግሞ አለ። ዛሬ ሸካ ዞን የምንለው አገር ሰዎች፣ ሸካቾዎቹ፣ በድሮ መጻሕፍትና ካርታዎች ላይ «ሞቻ» ይባሉ ነበር፤ ስሙን የሰጧቸው ሌሎች ናቸው። የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ቮልፍ ሌስላው በ1959 ያሳተሙት የቋንቋቸው መዝገበ ቃላትም በዚሁ ስም ነው የወጣው። ልብ በሉ፤ ሸካ የዱር ቡና አገር ነው፤ ደኑ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በላቲን ፊደል የተጻፈ የድሮ ካርታ የሚያይ የውጭ ሰው፣ በቡናው መገኛ መሐል የወደቧን ስም ያገኘ ይመስለዋል፤ ምሥጢሩን የፈታ መስሎት ሊሳሳት ይችላል። የእኛ ፊደል እዚህ ላይ ውለታ ይውላል። ሙኻ፣ ሞካ፣ ሞቻ ብለን ስንጽፍ ሦስቱ አይምታቱም።

ወደቧ ራሷ ምን ሆነች? ደቾች ጃቫ ላይ፣ ፈረንሳዮች በደሴቶቻቸውና በካሪቢያን ቡና ሲያመርቱ ገዢው ቀነሰ። እንግሊዝ በ1839 ኤደንን ያዘች፤ በ1850 ነጻ ወደብ ስታደርጋት ንግዱ ወደዚያ ዞረ፤ ሑደይዳም የተረፈውን ወሰደች። የሙኻ ታላላቅ የነጋዴ ቤቶች ፈረሱ። በዘመናችን ደግሞ የየመን ጦርነት ደረሰባት። ስሟ በዓለም ካፌ ሁሉ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ፣ ከጽሑፉ አንድ ሳንቲም አይደርሳትም። ስም ዕቃውን ለቆ የሁሉ ሲሆን ባለቤቱ የሚጠይቀው ነገር አይኖረውም። ሞካ ላይ መብት አለኝ የሚል አገር ዛሬ የለም፤ ጊዜው አልፏል።

የእኛን ነገር የሚያሳስበኝ በዚህ ነው። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡለት አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ እነዚህ የቡና ዓይነት መጠሪያ ናቸው፣ የማንም ንብረት አይደሉም የሚል ነበር ክርክሩ። አስተዋላችሁ? «ሞካ ሆነዋል» ማለቱ ነው። የአሜሪካው የካፌ ኩባንያ ስታርባክስ «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበት ምልክት ቀደም ብሎ ለራሱ አመልክቶ ነበር፤ በኋላ ተወው። ይርጋጨፌ በ2006 ተመዘገበ። ኦክስፋም የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ለኢትዮጵያ ወግኖ ዘመቻ ከፈተ፤ በ2007 ስታርባክስና ኢትዮጵያ ስምምነት ፈረሙ፤ የኢትዮጵያ ባለቤትነት ታወቀ፤ ስሞቹን በፈቃድ መጠቀም ተጀመረ።

ለምን የንግድ ምልክት? ሌላው መንገድ፣ እንደ ሻምፓኝ ያለው የመልክዓ ምድር መለያ፣ እያንዳንዱ ጆንያ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ የሚመረምርና የሚያረጋግጥ ሥርዓት ይፈልጋል። ቡናችን በአብዛኛው በብዙ ሺህ ትንንሽ ገበሬዎች ጓሮ የሚለቀም፣ በሸክምና በአህያ ገበያ የሚደርስ ነው። ጽሕፈት ቤቱ የመረጠው ለዚህ ዓይነት አገር የሚሆነውን መንገድ ነው፤ በእኔ ፍርድ ትክክል ነበር። ስሞቹ ግን ከቦታቸው እንዳይነጠሉ መጠበቅ አለባቸው። ሲዳሞ የተባለው ክፍለ ሀገር ከካርታ ከጠፋ ሰንብቷል፤ በ2020 ሲዳማ ክልል ሆናለች፤ ብዙ ፓኬት ግን አሁንም ሲዳሞ ይላል።

ጌሻን ደግሞ እዩ። በ1930ዎቹ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጌሻ ከሚባል አካባቢ የተለቀመ የቡና ዘር በታንዛኒያ በኩል አድርጎ በ1953 ኮስታሪካ ደረሰ፤ ከዚያ ፓናማ ተተከለ። በ2004 በፓናማው የቡና ውድድር አንደኛ ወጥቶ በጨረታ አስደናቂ ዋጋ አወጣ። ስሙ ግን በመንገድ ላይ ፊደሉ ተቀይሮ «ጌይሻ» ሆነ፤ ብዙ ጠጪ የጃፓን ቃል ይመስለዋል። ፓኬቱ ላይ የጃፓን ሴት ሥዕል የሚለጥፉም አሉ። ጌሻ ያለው ገበሬ ይህን ቢያይ ምን ይላል?

የአክስቴ ልጅ ስትመለስ እናቷ ከሊሙ ዘመዶቿ የመጣላትን ጥሬ ቡና ለቅማ፣ አበጥራ ቋጠረችላት። ከዚያ እስክርቢቶ ጠየቀችኝና ፌስታሉ ላይ «ሊሙ ኮሳ» ብዬ እንድጽፍበት አደረገች። እናንተም ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ ቡና ስትልኩ «የኢትዮጵያ ቡና» ብላችሁ አትተዉት። ወረዳውን ጻፉበት፤ ከቻላችሁ ቀበሌውንም።